መዝገቡን እንጠይቅ፦ የአደጋ መከላከል መረጃን በሕግ መብታችን እንዴት እናገኛለን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አደጋ በተሰማ ቁጥር ጀመዓችን የሚሠራው ሥራ የታወቀ ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ማስታወቂያ ይነገራል፣ ካርቶን ይዞራል፣ ልብስ ይሰበሰባል፣ ከእህቶች በኩል የተዋጣውና ከወንድሞች በኩል የተዋጣው ተደምሮ ይላካል። አላህ ይቀበለን፤ ይህ ሥራ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ብርድ ልብስ የሚደርሰው ከአደጋው ለተረፈ ሰው ነው። ለሞተው ሰው ሊደርስለት ይችል የነበረው ሌላ ነገር ነው፦ በሰዓቱ የተነገረ ማስጠንቀቂያ፣ ቀድሞ የተጠና ተዳፋት፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የመልቀቂያ እቅድ። እነዚህ ሁሉ ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ በወረቀት ያሉ ወይም ጭራሹን የሌሉ ነገሮች ናቸው። አሉ ወይስ የሉም የሚለውን ለማወቅ ሕጉ ለእኛ ለተራ ሰዎች መብት ሰጥቶናል። በዚህ ጽሑፍ መብቱ ምን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት መዝገብ መጠየቅ እንደሚጠቅም፣ ደብዳቤው እንዴት እንደሚጻፍና በየቢሮው በር ላይ የሚገጥመንን ነገር እንዴት እንደምናልፈው እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

መረጃ ታፍኖ ሲቀር

የወሎን ረሃብ ከአያቶቻችን አፍ የሰማን ብዙዎች ነን። በ1965 ምርቱ ከባድ ጉድለት እንደገጠመው የሚያሳይ ጥናት በግብርና ሚኒስቴር እጅ ነበር፤ ለሕዝብ ግን አልወጣም። በዚያው ዓመት በጸደይ ከዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን ፎቶ አንስተው በግቢው ውስጥ ለእይታ አቀረቡ። ተማሪው ረሃቡን ያወቀው ከመንግሥት መግለጫ ሳይሆን ከእነዚያ ፎቶዎች ነበር። ዓለም በሰፊው የሰማው ደግሞ በጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ከታየ በኋላ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1966 ነው። በጥናቱና በእርዳታው መካከል ባለፉት ወራት ያለቀው ሕዝብ የዝናብ እጥረት ብቻ አልገደለውም፤ የታወቀ ነገር ሳይነገር መቅረቱም አለበት።

ዛሬ ሁኔታው እንደዚያ አይደለም። የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን አለ፣ በ2005 የወጣ የአደጋ ስጋት አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ አለ፣ ከአደጋ በኋላ ከመሯሯጥ ይልቅ ስጋትን ቀድሞ መቀነስ የሚል አቅጣጫም ተቀምጧል። ወረቀቱ ከድሮው ይልቅ ብዙ ነው። ጥያቄው ወረቀቱ ውስጥ ያለው ነገር ከተዳፋቱ ሥር ወይም ከወንዙ ዳር ለሚኖረው ሰው ደርሷል ወይ የሚለው ነው።

አንድ ሰው የያዘው እውቀት

ሰይዲና ኡመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ቦታ ላይ የጦር አዛዦቹ ተቀብለዋቸው በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ነገሯቸው። ኡመር ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ ተለያዩ። አንሷሮችን አማከሩ፤ እነሱም ተለያዩ። ከዚያ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠየቁ፤ እነዚህ እንመለስ አሉ። ኡመርም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) «ከአላህ ቀደር እንሸሻለን ወይ?» በሚል መንፈስ ሲጠይቋቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሄዱ መለሱላቸው። በዚህ መካከል ለጉዳዩ ርቀው የነበሩት ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጡና ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ተናገሩ፦ ወረርሽኝ ያለበት አገር እንዳይገባ፣ ያለንበት አገር ከገባም ሸሽተን እንዳንወጣ። ኡመር አላህን አመስግነው ተመለሱ።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ቀደር ስንነጋገር ነው። ሌላም ትምህርት አለበት። ለሕዝቡ ሕይወት ወሳኝ የሆነው እውቀት በአንድ ሰው ዘንድ ነበር፤ ያ ሰው እስኪመጣ ድረስ ታላላቆቹ ሶሐቦች እንኳ ይለያዩ ነበር። እውቀቱ ለአደባባይ ሲወጣ ክርክሩ አበቃ። ኡመርም «ቀደር ነው» ብለው አልተቀመጡም፤ ጠየቁ፣ አማከሩ፣ ሰበቡን አደረሱ። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት የሚባለውም ይኸው ነው። አደጋን በተመለከተ ግመሉን የምናስርበት ገመድ መረጃ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ከሕገ መንግሥቱ ሦስት አንቀጾችን ማወቅ ይበቃናል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ይጠብቃል። አንቀጽ 89 ደግሞ መንግሥት የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል፣ ሲደርስም እርዳታ በወቅቱ የማድረስ ግዴታ እንዳለበት ያስቀምጣል። ሁለቱን ግዴታዎች አንድ ላይ ስናነባቸው፣ አደጋን ለመከላከል የተሠራው ሥራ ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ማለት ነው።

ዝርዝሩ ያለው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ውስጥ ነው። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የሚዲያውን ክፍል ሲተካ፣ የመረጃ ነጻነቱን ክፍል አልሻረም። የአዋጁ ዋና ዋና ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

• መብቱ የጋዜጠኛ ወይም የጠበቃ ብቻ አይደለም፤ የማንኛውም ሰው ነው።
• የሚመለከተው የፌዴራልና የክልል መንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ነው።
• ጥያቄውን የሚቀበለው የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው።
• ጠያቂው ለምን እንደፈለገው ምክንያት እንዲሰጥ አይገደድም።
• መልሱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ሰነዱ ብዙ ሲሆን ጊዜው የሚራዘምበት ሁኔታ አለ።
• ክልከላ ካለ ምክንያቱ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ከሰነዱ የሚከለከለው ከፊሉ ብቻ ከሆነ ቀሪው ይሰጣል።
• ለኮፒ የሚወጣ ወጪ ሊጠየቅ ይችላል።

ሁሉም ነገር ክፍት ነው ማለት ግን አይደለም። የግለሰብ የግል ሕይወት፣ የንግድ ምስጢር፣ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀል፣ የአገር መከላከያና ደኅንነት፣ የካቢኔ ሰነድና ሌሎችም የተጠበቁ ናቸው። ሆኖም መረጃው ቢወጣ ሕዝብ የሚያገኘው ጥቅም ከሚደርሰው ጉዳት ከበለጠ የተጠበቀውም ሊሰጥ እንደሚችል አዋጁ ይፈቅዳል። የአደጋ መረጃ ከዚህ ሚዛን ተጠቃሚ ነው፤ የጎርፍ መልቀቂያ መንገድ የት እንደሆነ ሰው ቢያውቅ የሚጎዳ የለም።

ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ወይም ያለ መልስ ከቀረ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት። ለየደረጃው የተቀመጠ የጊዜ ገደብ ስላለ፣ እርምጃ ከመውሰዳችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ሕግ ከሕግ ትምህርት ቤት ወንድሞችና እህቶች ጋር አብራችሁ አንብቡ።

መብቱ ከድርቅ መዝገብ ሲወለድ

ይህ ዓይነት ሕግ በዓለም ከታወቀባቸው አገሮች አንዷ ሕንድ ናት፤ እዚያ የተወለደውም ከድርቅ እርዳታ ጋር በተያያዘ ነው። በራጃስታን ግዛት ድርቅ ሲገባ መንግሥት ድሆችን በመንገድና በኩሬ ቁፋሮ አሰማርቶ የቀን ደመወዝ ይከፍል ነበር። ሠራተኞቹ ግን የሚደርሳቸው ከሕጋዊው ደመወዝ ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሠረተው የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር፣ አሩና ሮይ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑበት፣ አንድ ቀላል ነገር ጠየቀ፦ የሠራተኞች ስም መቆጣጠሪያው ይታይ። ከ1994 ጀምሮ በየመንደሩ ሕዝብ ተሰብስቦ መዝገቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ ጀመር። የሞተ ሰው እንደ ሠራተኛ ተመዝግቦ ተገኘ፣ ከመንደሩ ከወጣ ዓመታት የሆነው ሰው ፈርሞ ተገኘ፣ ያልተሠራ ግንባታ ተሠርቷል ተብሎ ተገኘ። ይህ እንቅስቃሴ አድጎ በ2005 አገር አቀፍ የመረጃ መብት ሕግ ሆነ። በዚያ ሕግ የአንድን ሰው ሕይወት ወይም ነጻነት የሚመለከት መረጃ በ48 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት።

ከዚህ የምንማረው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉት መንደርተኞች እንኳ መዝገቡን ሊያርሙት መቻላቸውን ነው። ማን እንደሞተና ማን እንደሌለ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። መዝገቡ ቢሮ ውስጥ ሲቀመጥ ሐሰቱ አይታይም፤ ወደ ባለቤቶቹ ሲመጣ ይታያል።

ምን እንጠይቅ?

«ስለ አደጋ መረጃ ስጡን» የሚል ጥያቄ መልስ አያገኝም፤ ቢያገኝም መግለጫ እንጂ ሰነድ አይሆንም። ሰነዱን በዓይነቱ መጥራት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚጠቅሙትን አምስት እናንሳ።

1. የቅድመ ማስጠንቀቂያ መዝገብ። ማስጠንቀቂያ ሰንሰለት ነው፦ ከሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም ከሌላ የሙያ ተቋም ይነሳል፣ በፌዴራልና በክልል በኩል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ሰንሰለቱ የት እንደተበጠሰ የሚታወቀው በየደረጃው የደረሰበትን ቀንና ሰዓት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ነው።

ድሬዳዋን እንውሰድ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ሌሊት ላይ ግን ከላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። በእንዲህ ዓይነት ወንዝ ዝናቡ የሚዘንበው ከከተማው ርቆ ስለሆነ፣ የተኛው ሰው ሰማዩን አይቶ ሊያውቅ አይችልም። የሚያድነው ላይ ያለው ሰው ወይም መሣሪያ ለታች የሚያስተላልፈው መልእክት ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ከተማ ጥያቄያችን፦ ላይ የሚለካው ማን ነው? ሌሊት ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው? ባለፈው ክረምት ስንት ጊዜ ተደወለ?

2. የጥናትና የምርመራ ሪፖርት። ሐምሌ 14 እና 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት በማግስቱ የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እላያቸው ላይ ወረደ። የምህንድስና ተማሪዎች ምክንያቱን እንማረዋለን፦ ተዳፋቱ አንዴ ሲናድ እግሩ ላይ ደግፎት የነበረው አፈር ይሄዳል፣ የቀረው ግድግዳ ይበልጥ ቀጥ ይላል፣ ውሃ የጠገበ አፈር ደግሞ አይቆምም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በዚያ ጠዋት በቦታው ቢኖር፣ ቆፋሪዎቹ ከላይ ጠባቂ አቁመው በፈረቃ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ተዳፋታማ ወረዳ ያለን ሰዎች የምንጠይቀው፦ በወረዳችን የተደረገ የመሬት መንሸራተት ጥናት አለ ወይ? ምክረ ሐሳቡ ምን ነበር? የትኛው ተፈጸመ? ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱም ጥያቄው ያው ነው። የክምሩን ከፍታና ዳገት የሚከታተለው ማን ነበር? ከዚያ በኋላ የተሠራው ምርመራ ምን አገኘ? በሌሎች ከተሞች ያሉ የቆሻሻ ክምሮችስ በዚያ ትምህርት መሠረት ታይተዋል ወይ?

3. የዝግጁነትና የምላሽ እቅድ። እቅድ ያለው ወረዳ ሁሉ የተዘጋጀ ወረዳ አይደለም። እቅዱ የተጻፈበትን ዓመት፣ የመጠለያ ቦታዎቹን ስም፣ የተመደበውን በጀትና የስልክ ዝርዝሩን እንይ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሆን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋርና የከረዩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነስተዋል። በዚያው አካባቢ የከሰም ግድብ አለ። ግድብ በመሬት መንቀጥቀጥ ቀጠና ሲኖር የሚዘጋጅ አንድ ሰነድ አለ፦ ግድቡ ቢሰነጠቅ ውሃው በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታና የማስለቀቂያ እቅድ። ከግድቡ በታች ግመልና ከብት ይዞ የሚኖር ሰው ይህን ካርታ የማየት መብት ከማንም በፊት የእሱ ነው።

4. የወረዳ የአደጋ ስጋት መገለጫና የወቅት ግምገማ። ለብዙ ወረዳዎች የትኛው ቀበሌ ለየትኛው አደጋ እንደተጋለጠ በቤተሰብ ደረጃ ተጠይቆ የተዘጋጀ መገለጫ አለ። ከበልግና ከመኸር በኋላ የሚደረጉ የምግብ ዋስትና ግምገማዎችም አሉ። የራሳችሁን ወረዳ ጠይቁና ስታገኙት ቤተሰቦቻችሁ ከሚያውቁት ጋር አስተያዩት።

5. የእርዳታ ስርጭት መዝገብ። ምን ያህል ስንዴ፣ ዘይት ወይም ቁሳቁስ በየትኛው ቀን ለየትኛው ቀበሌ እንደደረሰ። የተረጂ ስም ግን አንጠይቅም፤ የድሃን ክብር መጠበቅ ግዴታችን ነው፣ ሕጉም የግል ሕይወትን ይጠብቃል።

ከራሳችን ግቢ እንጀምር

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በአንድ የመኝታ ሕንጻ ውስጥ በመቶዎች የምንቆጠር ተማሪዎች እናድራለን። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንጻዎችን ጥብቅ ቁጥጥር በሚያስፈልገው በምድብ ሐ አስቀምጧቸው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምዳችን ቅርብ ነው፦ የመኝታ ሕንጻዎቹ የእሳት አደጋ እቅድ፣ የማጥፊያ መሣሪያዎች የመጨረሻ ምርመራ ቀን፣ የኤሌክትሪክ መስመር ምርመራ ሪፖርት፣ የድንገተኛ መውጫ በሮች ቁልፍ ሌሊት በማን እጅ እንደሚያድር። ጥቅምት 2017 በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው እሳት የስንቱን ነጋዴ የዕድሜ ልክ ጥሪት እንደበላ አይተናል፤ ከተማሪዎቻችንም ቤተሰቦቻቸው መርካቶ የሚነግዱ ብዙ ናቸው። እሳት መዝገብ አይፈራም፤ የተቆለፈውን በር መዝገብ አይቶ ያስከፈተ ሰው ግን ነፍስ ያድናል።

ደብዳቤው

አጭር፣ አክብሮት ያለውና ዝርዝር ይሁን። ይህን እንደ ናሙና መጠቀም ይቻላል፦

ቀን፦ ........
ለ........ ወረዳ አደጋ ስጋት አመራር ጽሕፈት ቤት
የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ
ጉዳዩ፦ መረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ነጻነት ድንጋጌዎች መሠረት የሚከተሉት ሰነዶች ቅጂ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
1ኛ. በ2016 እና በ2017 የክረምት ወራት ጽሕፈት ቤቱ የተቀበላቸው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መልእክቶች፣ የደረሱበት ቀንና ሰዓት፣ ወደ ቀበሌዎች የተላለፉበት ደብዳቤ፤
2ኛ. በሥራ ላይ ያለው የጎርፍ ዝግጁነትና ምላሽ እቅድ፤
3ኛ. በተጠቀሱት ዓመታት የተሰራጨው እርዳታ ዓይነትና መጠን በቀበሌ ተለይቶ፣ የተረጂዎች ስም ሳይጨመር።
ከእነዚህ መካከል በጽሕፈት ቤቱ የማይገኝ ካለ አለመኖሩ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ በከፊል የሚከለከል ካለም የተከለከለበት ድንጋጌ ተጠቅሶ ቀሪው እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። የኮፒ ወጪ እሸፍናለሁ።
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

«የማይገኝ ካለ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ትልቅ ሥራ ግን ትሠራለች። አንድ ወረዳ የጎርፍ እቅድ እንደሌለው ማኅተም ባለበት ወረቀት ካረጋገጠ፣ ያ ወረቀት ራሱ መረጃ ነው። ብዙ ጊዜም እቅዱ እንዲጻፍ የሚያደርገው ይኸው ነው።

በሩ ላይ የሚገጥመን

ከመካከላችን ጥቂቶች ይህን ሞክረን ካየነው እንናገር። የመጀመሪያው መልስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው። ሁለተኛው «የድጋፍ ደብዳቤ ከየት አመጣችሁ?» የሚል ነው። ሦስተኛው «ለምን ፈለጋችሁት?» ነው። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ኃላፊውን አለመጠበቅ ነው፤ ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገቡ፣ በቀሪው ቅጂ ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉ። ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ለሁለተኛው፣ መብቱ የማንኛውም ሰው ስለሆነ መታወቂያ ይበቃል ብሎ በትሕትና ማስረዳት ነው። ለሦስተኛው፣ ሕጉ ምክንያት እንድንሰጥ ባያስገድደንም ምክንያታችንን ብንናገር ነውር የለውም፤ «ቤተሰቦቼ ወንዙ ዳር ይኖራሉ» የሚለው ከማንኛውም አንቀጽ በላይ የኃላፊውን ልብ ያለሰልሳል። ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ራሳቸው የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በሦስተኛው ምልልሳችን መዝገቡን ፈልጎ ያወጣልን ሰው፣ ራሱም እቅዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበቡ ነበር። በስልክ ዝርዝሩ ላይ ካሉት ሰዎች ገሚሶቹ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ነበር። ቁጥሮቹ እንዲስተካከሉ ማስታወሻ የያዘው እሱ ነው፤ እኛ የከፈልነው የኮፒ ብቻ ነው።

ከመካከላችን «ይህ ፖለቲካ ነው፣ ችግር ያመጣብናል» ብለው የሚሰጉ እንዳሉ እናውቃለን። ስጋታቸውን አናቃልልም። ለዚህም ጥንቃቄ አለው፦ ጥያቄውን እንደ ዜጋ በግል ስማችሁ አቅርቡ፣ በራሳችሁ ወረዳ ጀምሩ፣ ከጎርፍና ከእሳት ሳትወጡ ጠይቁ፣ የደኅንነትና የጸጥታ ጉዳይ ውስጥ አትግቡ፣ ብቻችሁን ሳይሆን ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ጥያቄ ክስ አይደለም። ጥሩ የሠራ ወረዳ መዝገቡ ሲጠየቅ ሥራው ይታይለታል።

ካገኘነው በኋላ

ወረቀቱን አግኝቶ በዚያው ማታ በቴሌግራም መልቀቅ ሥራውን ያበላሻል። ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ማጣራት እንዳለብን ቁርኣን ያዘናል፤ ወሬ ይዘን የምንሄደው እኛ ስንሆንማ ግዴታው ይብሳል። በአፋርና በአዲስ አበባ መሬት በተንቀጠቀጠበት ሰሞን «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይደገማል» የሚል መልእክት ስንቱን ሕጻን ይዞ ውጭ እንዳሳደረ እናስታውስ። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ለይቶ የሚተነብይ ሳይንስ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉውን እናንብብ፣ የማይገባንን የዘርፉን መምህራን እንጠይቅ፣ ጉድለት ካገኘን ቀድመን ለመሥሪያ ቤቱ እንንገር፣ ከዚያም ለሚመለከታቸው ነዋሪዎች በቋንቋቸው እንድረስ። በአፋርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስልጢኛ ማስረዳት የሚችሉ ልጆች በጀመዓችን ሞልተዋል። ከጁሙዓ በኋላ አሥር ደቂቃ፣ በገበያ ቀን አንድ ሰዓት፣ ለዕድር ስብሰባ አንዲት ገጽ ይበቃል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ይቀራል። የሌላውን መዝገብ የሚጠይቅ ሰው የራሱን መዝገብ ይከፍታል። ኡመር ሚንበር ላይ ቆመው ሳለ ድርሻቸው ከሆነው በላይ ልብስ ከየት እንዳመጡ ተጠይቀው፣ ልጃቸውን አስነስተው እንዳስመሰከሩ ይነገራል። ስለዚህ ለአደጋ ጊዜ የምንሰበስበው ሰደቃ ምን ያህል እንደተዋጣ፣ በማን በኩል ለየትኛው ቀበሌ እንደደረሰ፣ ምን እንደቀረ የሚገልጽ ወረቀት ከእያንዳንዱ ዘመቻ በኋላ በጀመዓው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ዘንድ እናሳስባለን። አማና ከትልቁ መሥሪያ ቤት እስከ ካርቶኑ ድረስ አንድ ነው።

የክረምት እረፍት ሲመጣ ሁላችንም ወደየወረዳችን እንበተናለን። ሻንጣችን ውስጥ አንድ ደብዳቤ ጨምረን እንሂድ። ስንመለስ ማን ምን እንዳገኘ፣ ማን ምን እንደተከለከለ አንድ ላይ ተቀምጠን እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ሕዝባችንን ከጎርፍ፣ ከናዳ፣ ከእሳትና ከረሃብ ይጠብቅልን፤ በአደጋ የሞቱትን ይማርልን፤ ሰበብ ከማድረስ የማንሰንፍ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።